ዲፍረንሻሉ ማንን ይጠብቃል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ በሚያክሉ፣ በሪሞት በሚነዱ መኪኖች እወዳደራለሁ። ለጓደኛዬ «የኋላውን ዲፍረንሻል ወፍራም ዘይት ስትሞላው ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩለት። «ማንን ነው የሚጠብቀው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይጠነክራል ልበል ወይስ ይከብዳል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ይሳቅ፤ ቃልዎ ትክክል ነው። ጥፋቱ የጽሕፈታችን ነው። ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። እዚህ «ብ» ላልታ ትነበባለች፤ ለዘበኛው ሲሆን ግን ትጠብቃለች። ጥብቅ ለማለት ማላላት! ምልክት አጥተን እንኳ አይደለም። ከፊደሉ አናት የሚቀመጡት ሁለት ነጥቦች እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ኮምፒውተሩ የፊደላት መዝገብ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ገብተዋል። ዘበኛውን «ይጠብ፟ቃል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ማን ይጽፋል? እኔ ግን መነዝነዜን አልተውም።

«ይከብዳል» ይቅር፤ የተለወጠ ክብደት የለም። «ይጠነክራል»ም ስለ ብረቱ የሚያወራ ይመስላል። የዲፍረንሻል ሥራ የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። ከ3000 ዘይት ወደ ወፍራሙ 7000 ሲሄዱ ያ ነፃነት ይቀንሳል። መኪናዋ ኩርባ ስትገባ ኋላዋ ይረጋጋል፣ መታጠፍ ላይ ግን ትለግማለች። በቀጭን ዘይት ይላላል፤ ቶሎ ትታጠፋለች። «ጠበቀ» እና «ላላ» ለዚህ የተፈጠሩ ጥንዶች ናቸው።

የግዕዙ «ጠብቀ» መጣበቅ፣ መጠጋት ነው። ለዘብ ሥራ ግዕዝ ሌላ ቃል አለው፤ «ዐቀበ»። ዐቃቤ ሕግ የምንለው ከዚያ ነው። ሁለቱ የአማርኛ «ጠበቀ»ዎች በድምፅ ተገጣጠሙ እንጂ አይዛመዱም የሚሉ አሉ። የእርባታቸውን ልዩነት ይጠቅሳሉ፤ ማስረጃቸው ቀላል አይደለም። እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ዘበኛ ማለት በር ላይ የተጣበቀ ሰው አይደለም እንዴ?

ሳቁ ካስቸገረዎ «ዘይቱ ዲፍረንሻሉን ያጠብቀዋል» ይበሉ። ዘበኛው እዚህ አይገባም፤ የእሱ «ያስጠብቃል» ነው።

ከፊት በዲፍረንሻል ፈንታ የሚገጠመው ስፑል ግን ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ስለሚያዞር ከመጥበቅ አልፏል። «የተቆለፈ» ቢባል ደስ ይለኛል። ጋራዥ የዋለ ሁሉ ግን «ሎክ ነው» ይላል፤ «ሎክ አድርገው»ም አማርኛ ከሆነ ቆይቷል። ባልወደውም ስህተት ነው ማለት አልችልም።