የደበዘዘ የፋይበር ጀልባ፦ ቀለም ቀቢ ከመጥራትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አሮጌ የፋይበር ጀልባ ገዝተህ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አቁመሃል፤ ሰማያዊ የነበረው ጎኑ አመድ መስሏል፣ ስትዳስሰው ነጭ ዱቄት እጅህ ላይ ይቀራል፣ የመኪና ቀለም ቀቢው ደግሞ «አምጣው፣ አዲስ አድርጌ ልመልስልህ» ብሎሃል። ገና አትስጠው። ጣና ላይ ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎችን ሳድስ ስለኖርኩ፣ ቢወለወል ይበቃው የነበረ ጀልባ በቀለም ሲበላሽ ብዙ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ያ ዱቄት ምን እንደሆነ እንግባባ። የፋይበር ጀልባ ቀለም እንደ መኪና መጨረሻ ላይ የሚቀባ አይደለም። ሲሠራ ሻጋታው ላይ ከሁሉም ቀድሞ ቀለም የተቀላቀለበት የፖሊስተር ሙጫ ይረጫል፤ ጄልኮት የሚሉት እሱ ነው። ፋይበሩ የሚደረደረው ከዚያ በኋላ ነው። የጄልኮቱ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ የላይኛውን ገጽ ሙጫ ስታፈርሰው፣ ሙጫው ይዞት የነበረው ቀለም ዱቄት ይሆናል። የሞተው ላዩ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደኅና ነው።

ሰው ሁሉ ውሃውን ይከሳል፤ ጥፋተኛዋ ግን ፀሐይ ናት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። ባለ ጀልባው ግን ሞተሩን ሸራ አልብሶ ጀልባውን ራቁቱን ትቶት ይሄዳል።

አሁን ወደ ሥራው። የደበዘዘውን ቦታ በውሃ አርሰው። ሰማያዊው ወዲያው ደምቆ ከታየ ቀለሙ ከሥር አለ ማለት ነው፣ ጀልባህ ይመለሳል። ይህ ግን ለምርመራ ብቻ ነው፤ ውሃ የገጹን ቀዳዳ ስለሚሞላ ማንኛውም አሮጌ ጀልባ እርጥብ ሲሆን ያምራል። የሠራኸውን ሥራ ሁልጊዜ አድርቀህ ፍረድ።

በደንብ በሳሙና እጠበው፤ ከሐይቁ ራቅ ብለህ፣ እጣቢው ተመልሶ እንዳይገባ። ውሃው የሚደርስበት መስመር ላይ ቡናማ ቆሻሻ ከያዘ መጀመሪያ ሎሚ ሞክር፤ እምቢ ካለ ኦክሳሊክ አሲድ የሚባለው ነጭ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ያስለቅቀዋል፤ መርዝ ነውና ጓንት አድርግ፣ ከልጆችም አርቀው። ከታጠበ በኋላ በአሴቶን በነከርከው ንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፣ የድሮ ሰምና ቅባት ካለ እንዲወጣ። አሴቶን ባለበት ሲጋራ የለም፣ እሳት የለም።

ከዚያ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ላይ የአንድ ክንድ ያህል ስፋት መርጠህ ኮምፓውንድ (ገጹን በጥቂቱ እየቆረጠ የሚያበራ የመወልወያ ቅባት) ብቻውን ሞክር። ጄልኮት ከመኪና ቀለም ይጠነክራል፤ ለስላሳው የመኪና ፖሊሽ ብዙም አይቆርጠውም፣ ሻካራውን ጠይቅ። በኮምፓውንድ ብቻ ከተመለሰ እሰየው፣ ብርጭቆ ወረቀት አትንካ። የምታነሳት እያንዳንዷ ሽፋን ከዚያችው ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ናት የምትቀነሰው።

ካልተመለሰ ወደ ውሃ ብርጭቆ ወረቀት ግባ። በቁጥር 800 ወይም 1000 ጀምር፣ ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ዝም ብለህ በጣትህ አትጫነው፣ ጣት ቦይ ይሠራል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ቁራጭ ወረቀቱን ጠቅልለህበት ከሱቅ ከምትገዛው የብርጭቆ ወረቀት መያዣ አያንስም። ባልዲው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርግ፣ ወረቀቱም ገጹም አይድረቅ። በአንዱ ቁጥር ከፊት ወደ ኋላ ከሄድክ በሚቀጥለው ከላይ ወደ ታች ሂድ፤ ያለፈው ቁጥር የተወው ጭረት አቅጣጫው ስለሚለይ ወዲያው ይታይሃል፣ እሱ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፍ። በየመሃሉ አድርቀህ ተመልከት። ገጹ ሁሉ እኩል ፈዝዞ፣ ጠቃጠቆ ሳይኖረው ከታየህ በቂ ነው፤ እንዲያንጸባርቅ አትጠብቅ፣ ማንጸባረቁ የኮምፓውንዱ ሥራ ነው። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ጄልኮቱ ስስ ስለሆነ መጀመሪያውኑ ፕላስተር ለጥፍበትና መጨረሻ ላይ በእጅህ ብቻ በቀስታ አሽው። ከሥር ያለው ፋይበር አንዴ ከታየ ፖሊሽ የሚባል ነገር አይመልሰውም።

ማሽኑ ላይ ደግሞ አደራ። እኛ ጋ ግራይንደር ላይ ጸጉራም ፓድ ገጥሞ ጀልባ የሚወለውል አለ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል፤ ለዚህ ሥራ የምትፈልገው ከ1,000 እስከ 1,500 ነው። በግራይንደር ፍጥነት ጄልኮቱ ይቃጠላል። የፖሊሽ ማሽን ከጋራዥ ተከራይ። አንድ ቦታ ላይ አትቁም፣ ከአንድ ክንድ ስፋት በላይ አንዴ አትያዝ፣ ገጹን በመዳፍህ ዳስሰው፤ ካቃጠለህ አቁም። ሥራውን በጥላ፣ ገና ጠዋት ሳይሞቅ አድርገው። ወሩን ካስመረጥከኝ ጥቅምትና ኅዳር እላለሁ፤ ዝናቡ ወጥቷል፣ ሙቀቱም ገና ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን በደረቁ የምትጠቀም ከሆነ ያለ ጭንብል እንዳትሞክረው።

ካማረ በኋላ ነው እንግዲህ ብዙዎቻችን የምንሰንፈው። የተወለወለ ጄልኮት ያለ ሰም ከተተወ ፀሐይዋ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የካርናውባ ሰም (ከዘንባባ ዓይነት ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ጠንካራ ሰም) ካገኘህ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ሲደርቅ ጭጋግ ይመስላል፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውል፣ ከዚያ ሁለተኛ ስስ ድርብ ድገም። አንድ ወፍራም ድርብ ለመወልወል ከማስቸገሩ በስተቀር ጥቅም የለውም። በእኛ ፀሐይ በየሁለት በየሦስት ወሩ መደገም አለበት። ጊዜው መድረሱን ውሃ ረጭተህበት ታውቃለህ፤ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ሰሙ አለ፣ ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። ወለሉንና መርገጫውን ግን ሰም አታስነካ፤ ወደ ዘጌ የምታሻግረው ተሳፋሪ ተንሸራቶ ይወድቅብሃል።

ናፍጣ ወይም የምግብ ዘይት ቀብተው «አበራሁት» የሚሉትን አትስማ። ጥቂት ቀን ያበራል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል፣ ሐይቁ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ በኋላ ቀለም ልቀባ ብትልም አይዝልህም።

ከሰም ሁሉ የሚበልጠው ጥላ ነው። የደንገል ታንኳ ያላቸው ሰዎቻችን ደንገሉ ውሃ እንዳይጠጣ ከጉዞ መልስ አውጥተው አቁመው ፀሐይ ያስመቱታል፤ ያ ለደንገል ልክ ነው። ፋይበሩን ግን ከፀሐይ ሸሽገው። አራት አጠና ተክለህ በላዩ ሸራ ወይም ቆርቆሮ አድርግ። ሸራውን ጀልባው ላይ በቀጥታ አታልብሰው፤ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲያወዛውዘው የወለወልከውን ይፍቀዋል፣ ከሥሩም እርጥበት ይይዛል።

ቀለም መቀባት ያለብህ መቼ ነው? ፋይበሩ በጄልኮቱ ውስጥ እየታየ ከሆነ፣ ወይም ገጹ ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ከሆነ። ያኔም ቢሆን ተራ የመኪና ቀለም ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ለሚውለው የታችኛው ክፍል አይሆንም፤ ያብጥና ይላጣል። ውሃ ውስጥ ለሚውለው ለዚያው የተሠራውን ቀለም ጠይቅ። ከውሃ በላይ ላለው ጎን መጀመሪያ ኢፖክሲ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው)፣ በላዩ ደግሞ ሁለት ክፍሉ ተቀላቅሎ የሚቀባው ፖሊዩሬታን ቀለም ነው የሚያዋጣው፤ ጭሱ ሳንባ ስለሚጎዳ የሚረጨው ሰው የጨርቅ ሳይሆን ትክክለኛውን የመርዝ ጭንብል ያድርግ። ደግሞ አንዴ ከቀባኸው በኋላ ጄልኮት ልትወለውል አትችልም፤ ቀለሙ በተላጠ ቁጥር መቀባት ነው።

ዋጋ ጠይቀሃል፤ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ አልጽፍልህም። መጀመሪያ ያንን ከኋላ ያለውን ትንሽ ቦታ ሞክርና ደርቆ፣ ጠዋት በጎን ብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልገው እንደሆነ ያኔ እነግርሃለሁ።