ፎርሙላውን ታውቀዋለች፤ ጥያቄው ሲቀየር ግን ይጠፋባታል

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ፣ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ከብደዋታል። ፎርሙላውንም ትርጓሜውንም በቃሏ ትወጣዋለች፤ በፈተና ላይ ጥያቄው ትንሽ ተቀይሮ ሲመጣ ግን ይጠፋባታል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚያስጠናት ሰው ቀጥሬላታለሁ፤ ለውጥ ስላላየሁ አራት ቀን ላድርገው እያልኩ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ 8ኛ ክፍል በመሆኑ ላግዛት አልቻልኩም። ምን ይመክሩኛል?
የልጅ እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀኑን ከመጨመርዎ በፊት በሁለቱ ቀናት ውስጥ ይበልጥ የሚናገረው ማን እንደሆነ ያጣሩ። አስጠኚው እየሠራ ልጅዎ የምትገለብጥ ከሆነ፣ አራት ቀን ማድረጉ ደብተሯን ከመሙላት በቀር የሚጨምርላት ነገር የለም። እኔም ማስጠናት በጀመርኩባቸው ዓመታት ብዙ ተናግሬ ጥቂት አስተምሬያለሁ።

አሁን በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ለማስጠናቸው ተማሪዎች፣ ስለ መፍላት ከማብራራቴ በፊት አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ በተመሳሳይ ክፍት ድስት የተጣደ ባቄላ ፈጥኖ የሚበስለው ድሬዳዋ ነው ወይስ ሐረር? አብዛኞቹ ድሬዳዋ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ግን «ድሬ ሞቃት ስለሆነች» ይሉኛል። እነዚሁ ልጆች ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው የሚለውን ትርጓሜ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳይስቱ የሚያነበንቡ ናቸው። ፍም ላይ ለተጣደ ድስት የከተማው 30 ዲግሪ ምኑ ነው ብዬ ስመልስላቸው ዝም ይላሉ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የደንገጎን ዳገት ወጥተን ወደ ሐረር ስንሄድ በላያችን ያለው አየር እየቀነሰ ግፊቱም እየወረደ ስለሚሄድ፣ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ በድሬዳዋ በ96፣ በሐረር በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው አንዴ ከፈላ፣ እሳቱ ቢበዛ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሐረሩ ባቄላ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቀቀል ይዘገያል። በልጆቹ መልስ ውስጥ ያለችው እውነት ትንሽ ናት፦ ድሬዳዋ ላይ ውኃው ሲጣድም ለብ ያለ ስለሆነ መፍላቱ ጥቂት ይፈጥናል፤ መብሰሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን አስቀድሜ ብነግራቸው ጽፈው ያልፉት ነበር። ገምተው፣ ምክንያት ሰጥተው፣ ምክንያታቸው ሲፈርስ ካዩ በኋላ ግን «የውጭው ግፊት» የሚለው ሐረግ በትርጓሜው ውስጥ ለምን እንደገባ ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ ጥያቄውን ቀይሬ ፕሬሸር ኩከር ለምን ፈጥኖ እንደሚያበስል ስጠይቅ፣ እንፋሎቱ ታፍኖ ግፊቱ ስለሚጨምር ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል የሚለውን መልስ ያለ እኔ እርዳታ ያመጡታል። ልጅዎን የሚያስቸግራት ይኸው የተቀየረ ጥያቄ ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ያልገባቸውን ዓረፍተ ነገር በቃል መያዝ ለብዙዎች መሸሸጊያ ሆኗል። እኔ ተማሪው መጀመሪያ በቤቱ ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ፣ እንዲያስረዳኝ አደርጋለሁ፤ ወደ እንግሊዝኛው የምንመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ፊዚክስ ከበደኝ ከሚሉትም አንዳንዶቹን የያዛቸው ፊዚክሱ ሳይሆን ክፍልፋይና የእኩልታ አሠራር ነው፤ ይህን ለመለየት አንድ ቀን ይበቃል።

እርስዎም ላግዛት አልችልም አይበሉ። ደብተሯን ዘግታ የዕለቱን ትምህርት እንድታስረዳዎት ይጠይቋት፤ «ለምን?» ሲሏት «እንደዚያ ስለሆነ ነው» ያለችበትን ቦታ ምልክት ታድርግበትና ለአስጠኚው ትውሰድለት። ከአራት አምስት ቀን በኋላም ያንኑ መልሰው ይጠይቋት።

አስጠኚውንም ቢሆን ወዲያው አይቀይሩት። ከሰዓቱ ቢያንስ ግማሹን ልጅዎ እንድትናገርና እንድትሠራ እንደሚፈልጉ ይንገሩት፤ አንድ ወር ሙሉ ሰሌዳውን ለራሱ ብቻ ከያዘ ያን ጊዜ ሌላ ይፈልጉ።