ባይኖኩላር «ብሩህ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ሁለት ባይኖኩላሮችን አወዳድሬ ለጓደኛዬ «ይህኛው ከዚያኛው የበለጠ ብሩህ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። «ምነው፣ አምፖል ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ያበራል» ልል ብዬ እሱ ደግሞ ባሰብኝ። አንዱ 8×42 ነው፣ ሌላው 10×42። ታዲያ በአማርኛ ምን ልበል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ቢስቅ አይፈረድበትም። «ብሩህ» እና «ብርሃን» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ከግዕዙ «በርሀ»። የራሱ ብርሃን ያለው ወይም ብርሃን የሞላበት ነገር ብሩህ ይባላል፤ ብሩህ ኮከብ፣ ብሩህ ቀን። ዛሬ ግን ቃሉ ወደ ሰውና ወደ ሐሳብ አድልቷል። ብሩህ አእምሮ፣ ብሩህ ተስፋ እንላለን። «ብሩህ ባይኖኩላር» ሲባል እኔ ራሴ ቶሎ የሚመጣልኝ ጎበዝ ተማሪ ነው። «ያበራል» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ባይኖኩላር ከራሱ አንዲት ጨረር አያወጣም።

«ደማቅ»ስ? እሱ የቀለምና የአቀባበል ነው። ደማቅ ቀይ ማለት ብዙ ብርሃን ያለው ሳይሆን ጠንከር ያለው ቀይ ነው። «ጥርት ያለ» የሚለው ስለ ምስሉ ጠርዝና መስመር ይናገራል። ምስል ጨለም ብሎም ጥርት ሊል ይችላል።

እኔ ብሆን ቅጽሉን ትቼ ግሱን እይዛለሁ። ስለዚህ መሣሪያ ስናወራ ድሮም «አቅርቦ ያሳያል» ነው የምንለው። በዚሁ መንገድ ይቀጥሉ፤ አቅርቦ፣ አጉልቶ፣ አጥርቶ፣ አፍክቶ። የእርስዎ ጉዳይ የመጨረሻው ነው፤ «አፍክቶ ያሳያል»። ፊት ይፈካል፣ ቀለም ይፈካል፣ ምስልም ይፈካል።

«አጉልቶ» ላይ ግን ይጠንቀቁ። በተራው ንግግር «ጎልቶ ታየ» ማለት በደንብ ታየ ማለት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ያጎላ ሁሉ ብዙ ያፈካ ይመስለናል። በባይኖኩላር ነገሩ ይገለበጣል። የፊት ሌንሱ እኩል ከሆነ፣ ይበልጥ የሚያጎላው ምስሉን ያጨልመዋል። የእርስዎን ሁለቱን እንይ። 42 የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 8 እና 10 ደግሞ ማጉያው። ባይኖኩላሩን ከዓይንዎ ራቅ አድርገው ወደ ብሩህ ሰማይ ያቅኑት (እዚህ ላይ «ብሩህ» ቦታው ነው)። በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ትታያለች። ስፋቷ 42 ለማጉያው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በአንዱ 5.25 ሚሊሜትር፣ በሌላው 4.2።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ትጠባለች። በጨለማ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ትሰፋለች፤ ዕድሜ ሲገፋ ያን ያህል አትሰፋም። እንግዲህ በቀትር ሁለቱም ክቦች ከብሌንዎ ይሰፋሉ፤ ትርፉ ብርሃን ዓይን ውስጥ አይገባም። ልዩነቱ የሚታየው ሲመሽ ነው። ስለዚህ «አፍክቶ ያሳያል» ሲሉ መቼ እንደሆነ ካልጨመሩ ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። ይህ የሰዋስው ስህተት አይደለም፤ ግን አንባቢን ያሳስታል።

«ብዙ ብርሃን ያስገባል» የሚለውም ጥሩ አማርኛ ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያስገባው የፊት ሌንሱ ነው። የእርስዎ ሁለቱ ደግሞ በዚህ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 42። ሦስተኛ ግስም አለ፤ «ያሳልፋል»። ሽፋን የሌለው የመስታወት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ብርሃኑ 10 ገጾችን ካቋረጠ ሲሶው ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ የሌንስ ኩባንያ በካርል ዛይስ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ሌንስ ላይ የሚለበጠውን ስስ ሽፋን የፈለሰፈው ለዚህ ነው። ቁጥራቸው አንድ ሆኖ በማሳለፍ የሚለያዩ ባይኖኩላሮች ያሉትም ለዚህ ነው።

ስለ ማወዳደሩ አንድ ነገር ልጨምር። «ከወንድሙ ይረዝማል» ስንል «የበለጠ» አላስፈለገንም፤ «ከ» እና ግሱ በቂ ናቸው። «ይበልጥ» ቢጨምሩ ግን አልቃወምም። የምቃወመው «በእጥፍ ይበልጣል»ን ነው። የ8×42ቷ ክብ የቆዳ ስፋት (ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ሳይሆን ክቧ የምትሸፍነው ቦታ) የ10×42ቷ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። «በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል» ካሉ ግን ሁለት ተኩል አድርጎ የሚቆጥር አይጠፋም። «የዚያኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው» ይበሉ፣ ጭቅጭቅ የለም።

ለጓደኛዎ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «ሁለቱም እኩል ብርሃን ያስገባሉ፤ ሲመሽ ግን 8×42ቱ ከ10×42ቱ ይበልጥ አፍክቶ ያሳያል።»