እልህና ቂም፦ ቅርጫት ኳስ ለምትጫወቱ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በብርዱ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀቱ ኳስ የምታነጥሩ ሁሉ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በስልካችሁ የምታዩት የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ አብዛኛው የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ነው፤ ዘሎ መክተት፣ ከሩቅ መወርወር፣ ጩኸት። እነዚያ ቡድኖች እዚያ ደረጃ የደረሱት ደጋግሞ የጣላቸው ባላንጣ ስለነበራቸው መሆኑ ግን ቁራጩ ውስጥ አይታይም። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ኔይስሚዝ ጨዋታውን በ1891 ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲጀምር የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ 13 ሕግ ጻፈ። የዛሬው ኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ መሠረት የተጣለው በ1946 ነው። ያን ጊዜ የመራ ቡድን ኳሷን አቅፎ ሰዓት ይገፋ ነበር፤ በ1950 ፎርት ዌይን ሚኒያፖሊስ ሌከርስን ያሸነፈው 19 ለ 18 ነው። መድኃኒቱ በ1954 የመጣው የ24 ሰከንድ ገደብ ሆነ። ስሌቱም ቀላል ነበር፦ 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው፤ በጥሩ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል ይወረውራሉ፤ ሲካፈል 24 ይወጣል። እናንተ ሰዓቱ ባይኖራችሁም በልምምድ ጊዜ አንድ ልጅ ከዳር ቆሞ ጮክ ብሎ ይቁጠር።

ወደ ባላንጣዎቹ ልግባ። ቦስተን ሴልቲክስና ሌከርስ ለዋንጫ 12 ጊዜ ተገናኝተው ቦስተን 9ኙን ወስዷል፤ አንዱ የዋንጫ ግጥሚያ እስከ ሰባት ጨዋታ ይዘልቃል፣ አራት ቀድሞ ያሸነፈ ይወስዳል። ከ1959 እስከ 1969 ባሉት 7 ግጥሚያዎች ሌከርስ አንድም አላሸነፈም። ዋናው ምክንያት የቦስተኑ ቢል ራስል ነው። ብዙ ልጆች ኳስ ሲያግዱ ለጭብጨባ ብለው ከሜዳ ያስወጧታል፤ ኳሷ ግን ተመልሳ የተጋጣሚ ትሆናለች። ራስል ቀስ ብሎ ነክቶ ወደ ጓደኛው ይጥላታል፤ ከዚያ መልሶ ማጥቃት ይጀመራል። በ13 ዓመት 11 ዋንጫ ያነሳው እንዲህ እየተከላከለ ነው።

ሌከርስ ዊልት ቻምበርሌንን ያህል ግዙፍ ቢያመጣም በ1969 ሰባተኛውን ጨዋታ በገዛ ሜዳው 108 ለ 106 ተሸነፈ። ለድሉ በዓል ፊኛ ጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ቦስተኖችም ያን ሲያዩ እልህ ያዛቸው። ከጨዋታ በፊት የምትፎክሩ ልጆች ይህን አስቡ።

የሌከርስ መልስ የመጣው በ1985 ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ 148 ለ 114 ተረመረሙ። የ38 ዓመቱ የሌከርስ ተጫዋች ካሪም አብዱል-ጀባር ያገኘው 12 ነጥብና 3 ሪባውንድ (ተስታ የተመለሰች ኳስ መያዝ) ብቻ ነበር። አላኮረፈም፤ የሽንፈቱ ፊልም ሲታይ ፊት ለፊት ተቀመጠ። በሁለተኛው ጨዋታ 30 ነጥብና 17 ሪባውንድ ይዞ ወጣ፤ ሌከርስም በስድስት ጨዋታ ዋንጫውን እዚያው ቦስተን ላይ አነሳ።

እልህ ማለት ይህ ነው። ቂም ሌላ ነው። ዲትሮይት ፒስተንስ ቺካጎ ቡልስን በ1988፣ በ1989ና በ1990 አስወጣ፤ ማይክል ጆርዳን ሰብሮ ሲገባ ሁለትና ሦስት ሆነው በጉልበት ይጠብቁት ነበር። ጆርዳን ጡንቻውን በክብደት ልምምድ አጠነከረ፤ አሠልጣኙ ፊል ጃክሰን ደግሞ ኳሷ ከአንድ ሰው እጅ ወጥታ በአምስቱም እንድትዞር አደረገ። በ1991 ቡልስ 4 ለ 0 አሸነፈ። የዲትሮይት ተጫዋቾች ብዙዎቹ ሰዓቱ ሳያልቅ፣ እጅ ሳይጨብጡ ወጡ። ሁለት ዋንጫ ያነሳ ቡድን እስከ ዛሬ በዚህ መወቀሱ ያሳዝነኛል። እናንተ ብትሸነፉም መጀመሪያ እጅ ጨብጡ።

አሁን ወደ ሜዳችሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ለባላንጣነት ከዚህ የተሻለ ጎረቤት የለም። ከቆላ የምትወጡ ልጆች ሰውነታችሁ ከፍታውን ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋልና በአንድ ቀን አትጠብቁት። ተጫዋች በየ3 እና 4 ደቂቃው ቀይሩ፤ ሩጫችሁን ለመልሶ ማጥቃት ቆጥቡ። ከደጋ የምትወርዱት ችግራችሁ ሙቀቱ ነው፤ ጥማት እስኪሰማችሁ ሳትጠብቁ ውኃ ጠጡ፣ ጨዋታውም ወደ ማምሻው ይሁን።

ከጨዋታው በፊት ሜትር ይዛችሁ ለኩ፤ ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር፣ የቅጣት መወርወሪያው መስመር ከቦርዱ ፊት 4.60 ሜትር። ከቀለበቱ ሥር መሬቱ ተቦርቡሮ ወይም ብረቱ ጎብጦ ከሆነ ሁለቱም ቡድን አስቀድሞ ይወቀው፤ አለዚያ ጠቡ ከዚያ ይነሳል። ኳሷን ከ1.80 ሜትር ልቀቋት፤ ነጥራ አናቷ 1.20 እስከ 1.40 ሜትር ከደረሰ ደህና ናት። ማለዳ በብርድ ትለሰልሳለች፤ ስለዚህ በመጫወቻው ሰዓት እንደገና ፈትኗት።

ደብተርም ያዙ፤ በየሩቡ የጠፋ ኳስ፣ የተጋጣሚ የማጥቃት ሪባውንድ፣ የሳታችሁት የቅጣት ኳስ ይጻፍበት። ከሦስቱ የበዛው የሚቀጥለው ሳምንት ልምምዳችሁ ይሆናል። የመልስ ጨዋታውን ቀን ደግሞ ሳትለያዩ፣ እዚያው ሜዳ ላይ ቁረጡ።