ከደዶ ቁልቁለት ላይ የሚሰምጥ ዲቲ 125፦ ኦይል ሲሉን ተወው፣ ቱቦውን እይ

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከጅማ ነው። የድሮ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አለኝ፤ የፊት ፍሬኑ ባለ ታምቡር ነው። ከደዶ ወደ ጅማ ስወርድ ፍሬን ስይዝ ፊቱ እስከ መጨረሻው ይሰምጥና ብረት ለብረት ይጋጫል። ኮረት መንገድ ላይ ደግሞ ድርቅ ብሎ እጄን ያደነዝዘኛል። የፎርኩ የግራ እግር ዘይት ያፈሳል፤ በአንድ ክረምት ሁለቴ ኦይል ሲል (ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ተቀይሮለታል። መካኒኩ ወፍራም የሞተር ዘይት ሞልቶበታል። ከአዲስ የቻይና ሞተር ሙሉ ፎርክ ላስገጥም ወይስ ይሄኛው ይሻሻላል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎርኩን፣ ማለትም የፊት ጎማውን የያዙትን ሁለት እግሮች፣ አትቀይር። በአንድ ክረምት ሁለት ኦይል ሲል የበላ እግር የታመመው ቱቦው፣ እግሩ ውስጥ የሚገባና የሚወጣው ክሮም ብረት፣ ነው። ግምቴን ልንገርህ፦ የግራው ቱቦ ላይ፣ አኮርዲዮን የሚመስለው ጎማ በሸፈነው ቦታ፣ ዝገት የቆፈራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። የእናንተ አገር ዝናብና ቀይ ጭቃ እዚያ ጎማ ውስጥ ገብቶ ወራት ይቀመጣል፤ ክሮሙን ይበላዋል፤ ፎርኩ በሰመጠ ቁጥር የተበላው ቦታ የኦይል ሲሉን ከንፈር እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። መስመጡ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ እግሩ ውስጥ ያለው ሞላ ደክሟል። ወፍራሙ ዘይት ሁለቱንም ሳያድን ሦስተኛ ችግር ጨመረልህ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው ይሄን ነውና። ክብደትህን የሚሸከመው ሞላው ነው። ዘይት ክብደት አይሸከምም፤ የሚታገለው ፎርኩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ያንተ ፎርክ አሠራሩ የድሮ ነው፦ እግሩ ውስጥ አንድ ባዶ ዘንግ ቆሟል፣ ዘንጉ ላይ መጠናቸው የማይለወጥ ቀዳዳዎች አሉ፣ ፎርኩ ሲሰምጥ ዘይቱ በእነሱ ተጨምቆ ያልፋል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ውሃ ሙላና ቀስ ብለህ ግፋው፤ ምንም አይልህም። በአንዴ ልትጨርሰው ስትሞክር ግን አውራ ጣትህን ይመልሰዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። አሁን ወደ መንገድህ እንምጣ። ኮረት ላይ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ፎርኩ በከፍተኛ ፍጥነት ነው መስመጥ የሚፈልገው፤ ወፍራሙ ዘይት በዚያ ፍጥነት በቀዳዳው ማለፍ ስለማይችል ፎርኩ ይቆለፋል፣ ምቱም በቀጥታ እጅህ ላይ ያርፋል። ድንጋዩ ከተከታተለ ደግሞ ፎርኩ ወደ ላይ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘህ ስትቆይ ግን ዘይቱ ጊዜ አለው፤ የፈለገውን ያህል ቢወፍርም ቀስ እያለ ያልፋል፣ የደከመው ሞላም እስከ ታች ይለቅሃል። ድርቀቱና መስመጡ አንድ ፎርክ ላይ አብረው የተገኙት ለዚህ ነው። ከዘይቱ በላይ የተዘጋው አየርም እንደ ሞላ ይሠራል፤ ዘይት ከልክ በላይ ከተሞላ አየሩ ቦታ ያጣና ኦይል ሲሉን ገፍቶ ያፈርጠዋል። መካኒክህ በዓይን ገምቶ ሞልቶት ከሆነ ይሄም አለበት።

ሳትፈታ በፊት ለካ። ሞተሩ ሥር ሳጥን ከተህ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳ፤ ከአቧራ መከላከያው እስከ ታችኛው ቀንበር (ሁለቱን እግሮች ከመሪው ጋር የሚያስረው ብረት) ያለውን በሜትር ያዝ። አውርደው፣ ተቀመጥበት፣ ጓደኛህ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ የፎርኩን ሙሉ ጉዞ ሩብ ያህል፣ ቢበዛ እስከ 30 በመቶ መሆን አለበት። ጉዞው 160 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ40 እስከ 48 ማለት ነው። ከዚያ ከበለጠ ሞላው ሞቷል።

ስትፈታ መጀመሪያ የላይኛውን ቀንበር ቡሎን አላላ፣ ከዚያ እግሩ በታችኛው ቀንበር እንደተያዘ ክዳኑን አላላ። በክር ይሁን በቀለበት ሽቦ የተያዘ፣ ሥሩ የታመቀ ሞላ አለ፤ ፊትህን ከላዩ አርቀህ፣ በመዳፍህ ተጭነህ አውጣው። የታችኛውን የብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ) ቡሎን ግን ሞላው ሳይወጣ ፍታው፤ የሞላው ግፊት ካልያዘው ውስጡ ያለው ዘንግ አብሮ ይሽከረከራል።

ቱቦውን በጋዝ አጽዳና ጥጥ አንሸራትትበት። ጥጡ ክር ከለቀቀ ጉድጓዱ እዚያ ነው። ቀንበሩ በሚይዘው ቦታ ያለ ዝገት አይጎዳህም፤ ኦይል ሲሉ በሚሄድበት ላይ ያለውን ግን ዝገቱን ፍቀህ፣ ባለ ሁለት ቱቦ የብረት ማጣበቂያ ሞልተህ፣ 24 ሰዓት አድርቀህ፣ በ800 ከዚያም በ1500 የብርጭቆ ወረቀት በዘይት እያረጠብክ አለስልሰው። እጅህ ቱቦውን ይዙር እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አትፈግፍግ፤ በቁመት የተጫረ መስመር ለዘይት ቦይ ይሆናል። ክሮሙ በሰፊው ከተላጠ ግን አትድከም፣ ቱቦ ቀይር። ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይም አንከባለው፤ ሥሩ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ብርሃን ካሳየ ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ የተጨማደደ ከሆነ ጣለው።

ኦይል ሲል ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ላዩ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ 33፣ 46፣ 11 ቢል የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ነው። ርካሹን ገልብጠህ ብታየው ከንፈሩን የሚያጠብቀው ቀጭን ሽቦ የለውም፤ ለዚያ ገንዘብህን አታውጣ። ሽቦ ያለው ፊት ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ታች ነው። የቱቦውን ጫፍ በፌስታል ጠቅልለህ፣ ዘይት ቀብተህ አሳልፈው፤ በልኩ በተቆረጠ የፕላስቲክ ቧንቧ እኩል እየመታህ አስገባው። ያለፈው ሰው በካቻቢቴ ፈንቅሎ መቀመጫውን ጭሮት፣ ጭረቱን በሲሊኮን ደፍኖት ብታገኝ አይግረምህ። ሲሊኮኑን ጨርሰህ አጽዳ፤ ተገንጥሎ ዘይቱ ውስጥ ከገባ የዘንጉን ቀዳዳ ይደፍናል።

ሞላውን በእሳት አሙቆ መሳብ የለም፤ በሳምንቱ ይመለሳል። ጥንድ አዲስ ካገኘህ እሱ ይበልጣል። ካጣህ ሞላው አናት ላይ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ላይና ታቹ ሮንዴላ፣ በሁለቱም እግር እኩል ጨምር። ይሄ ፊቱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። ከመክደንህ በፊት በሞላው ጥምዞች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ደምር፤ ድምሩ ከጉዞውና ከጨመርከው ቧንቧ አንድ ላይ ካልበለጠ ሞላው ራሱ ብረት ለብረት ይጋጫል።

ዘይቱ 10 ደብልዩ የፎርክ ዘይት ይሁን። ከጠፋ ለመኪና መሪ የሚሞላው ቀዩ ኤቲኤፍ ይሠራል። መጠኑ የሞተሩ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ከሌለህ ሞላው ወጥቶ፣ ቱቦው እስከ ታች ተጭኖ፣ ዘይቱ ከአፉ 150 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርገህ ጀምር። በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሙላ፤ ሁለቱ እግሮች እኩል ይሁኑ። አየሩ እንዲወጣ አሥር ጊዜ ያህል ስበህ ገፍተህ እንደገና ለካ። አሁንም የሚመታ ከሆነ ዘይቱን በየጊዜው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አድርግ።

አሁን የፍሬኑን ነገር አደራ። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ጎማውን ስትመልስ ሸራዎቹ ያሉበት ሰሌዳ ላይ ያለው ቦይ እግሩ ላይ ያለውን ጉጥ መያዙን በዓይንህ አይተህ፣ በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ። ካልያዘ መጀመሪያ ፍሬን ስትይዝ ሰሌዳው ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ገመዱን ይበጥሳል፣ ጎማውም ይቆለፋል፤ ቁልቁለት ላይ ይሄ ሞት ነው። የቻይናውን ፎርክ ተወው ያልኩህ አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፦ ጉጡ ያንተ ሰሌዳ ባለበት አይገኝም፣ ሰዎችም ብረት በይደው ያስይዙታል፤ አሉሚኒየም እግር ላይ የተደረገ ብየዳ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይለቃል። የቱቦው ውፍረት፣ የፔርኖው (የጎማው መሃል ዘንግ) ልክ፣ የመሪው ኩሽኔታም የመገጣጠማቸው ዕድል ትንሽ ነው።

ፔርኖውን ካጠበቅህ በኋላ፣ እግሩ ሥር ፔርኖውን የሚይዙትን ቡሎኖች ሳታጠብቅ ፊቱን አምስት ስድስት ጊዜ ጨቁነው፤ እግሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ አጥብቅ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄድክ ፍሬኑን ሞክር፣ ወርደህም ጉጡን እንደገና እይ። የአኮርዲዮኑ ጎማ ታች ላይ በጋለ ሚስማር ሁለት ቀዳዳ ብሳለት፣ ክረምት ላይ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ላይ ስበህ ቱቦውን ጥረግ።