ደንገጎን የሚወርድ ተጎታች ምን ዓይነት ፍሬን ይፈልጋል?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ድሬዳዋ ካለ አንባቢ ነው። የጉድጓድ ውሃ ጥናት ይሠራል። ኮስተር ገዝቶ ወንበሮቹን አውጥቶ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር አስገብቶበታል። ከኋላው ማንዋል ካምቢዮ ያላት ሱዙኪ ጂምኒ ሊጎትት አስቧል። ኮስተሩ ባቢሌ ወይም ጅግጅጋ ይቆማል፤ አሸዋውንና ጠባቡን መንገድ ሱዙኪዋ ትጨርሳለች። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የመጎተቻ ብረቱን አሠርቻለሁ። የምጎትታት አራቱም ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ ነው። አንዱ መካኒክ ፍሬን አያስፈልጋትም አለኝ። ሌላው ከኮስተሩ የፍሬን ቱቦ ላይ ቀጥለን እንውሰድላት አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ፔዳል የሚረግጥ ሳጥን አየሁ። የቱ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ከሁለቱ መካኒኮች ልጀምር። የሁለቱንም ሐሳብ አትቀበል።

ሱዙኪዋ ዕቃ ሲጫንባት ከአንድ ቶን በላይ ናት። በአውሮፓ ደንብ የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ሙሉ ክብደቱ ከ750 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ሜዳ በሆነው የመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ብትሞክረው ኮስተሩ ያስቆማታል፤ ትንሽ ይረዝምብሃል እንጂ ይቆማል። ጉዱ የሚታየው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ደንገጎ ላይ ነው። ከአናቱ እስከ ድሬዳዋ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። አንድ ቶን ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ላይ ሞተሩና ንፋሱ የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። የቀረው ሙቀት ግን ሱዙኪዋ ፍሬን ከሌላት የሚገባው ኮስተሩ የፍሬን ሸራ ውስጥ ነው። ኮስተሩ ደግሞ የራሱ ሸክም አለበት። በዚያ ላይ ጠምዛዛው ጋ ፍሬን ስትይዝ ከኋላ የሚገፋህ ክብደት የኮስተሩን ጀርባ ወደ ጎን ሊያወጣው ይችላል።

ቱቦ መቀጠሉ ይብሳል። የኮስተሩ የፍሬን ፖምፓ የተሠራው ለራሱ ጎማዎች በሚበቃ ዘይት ልክ ነው። ተጨማሪ ሲሊንደሮች ስትጭንበት ፔዳሉ ይሰምጣል። መገጣጠሚያው ቢያፈስ ወይም ሱዙኪዋ ብትላቀቅ ደግሞ የኮስተሩም ፍሬን፣ ቢያንስ ግማሹ፣ አብሯት ይሄዳል። ይህን ሥራ እሠራልሃለሁ የሚልህ ጋራዥ ካለ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

አሁን ወደሚመረጡት እንምጣ። መጀመሪያ አንድ ነገር ራስህ ሞክር። የሱዙኪዋን ሞተር አጥፋና የፍሬን ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ርገጥ። ድርቅ ይልብሃል። ሰርቮው እግርህን የሚያግዘው ሞተሩ አየር ሲስብለት ነው፤ ስትጎተት ሞተሯ ጠፍቷል። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ሻጩን ጠይቀው፦ የደረቀውን ፔዳል በጉልበት የሚረግጥ ነው ወይስ ለሰርቮው የራሱን ቫኪዩም (ሞተሩ የሚሰጠውን የአየር መሳብ) የሚሠራ?

በአየር የሚሠራው ዓይነት ጥሩ ነው፤ ግን የአየር ታንክ ላለው እንደ ኤፍ.ኤስ.አር ላለ መኪና ነው። ያንተ ኮስተር በዘይት ብቻ የሚሠራ ከሆነ እርሳው።

ሁለተኛው በግፊት የሚሠራው ነው። የፊቱ መኪና ሲቀንስ ተጎታቹ ወደፊት ይገፋል፤ ግፊቱ ራሱ ፍሬኑን ያስይዘዋል። አውሮፓ ውስጥ እስከ 3,500 ኪሎ ለሚመዝኑ ተጎታቾች የተለመደ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ቀላል ነው። ለሜዳ አገር እኔም እመርጠው ነበር። ደንገጎ ላይ ግን አንተ በማርሽ ይዘህ ስትወርድ ሱዙኪዋ ያለማቋረጥ ትገፋሃለች። አንተ ፔዳል ሳትነካ የሷ ፍሬን እንደያዘ ታች ይደርሳል።

ሦስተኛው ያየኸው ሳጥን ነው። ወንበሩና ፔዳሉ መሀል ይቀመጣል፤ መኪናው መቀነሱን በሴንሰር አውቆ ይረግጣል። ከመኪና ወደ መኪና መዛወሩ ጥቅሙ ነው። ችግሩ ሴንሰሩ ላይ ነው። ርካሹ ሴንሰር በቁልቁለት ወደፊት ማዘንበልንና ፍሬን መያዝን አይለይም፤ ሁለቱም ለሱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከኮስተሩ የፍሬን መብራት ምልክት ካልደረሰው በቀር የማይረግጥ መሆኑን አረጋግጥ። ኃይሉን መጨመርና መቀነስ የሚቻልም ይሁን።

ፍሬኑ መልቀቅ አለበት የሚለውን ነገር የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው የሚጠይቀኝ ሁሉ «ይይዛል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ለኛ ቁልቁለት ትልቁ ጥያቄ «ይለቃል ወይ?» ነው። በትንሹም ቢሆን ተነክቶ የሚወርድ ሸራ እየጋለ ይሄዳል። ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቆይቶ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲስ ሳለ 230፣ እርጥበት ሲጠጣ 155 ነው። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል። ያኔ ሳጥኑ ፔዳሉን እስከ ወለል ቢረግጠው ጎማው አይያዝም። ሱዙኪዋ ውስጥ ደግሞ ሰው የለም። የሸራውን ሽታ የሚያሸት፣ የፔዳሉን መላላት የሚሰማ የለም። አንተ ፊት ሆነህ ሬዲዮ እያዳመጥክ ትወርዳለህ።

እንግዲህ ለአንተ የምመርጠው አራተኛውን ነው። ሱዙኪዋ ላይ በቋሚነት የሚገጠም፣ ለሰርቮው የራሱ የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ፓምፕ ያለው፣ ፊት እንደያዝከው መጠን ኋላም የሚይዝ፣ እግርህን ስታነሳ ደግሞ ወዲያው የሚለቅ። ዋጋው ከሳጥኑ ይበልጣል፤ ገጠማውም ጊዜ ይወስዳል። ግን ሁሌ አንድ መኪና ነው የምትጎትተው፣ ሁሌም የምትወርደው ያንኑ መንገድ ነው። ከጅግጅጋ በፊት የካራማራ ቁልቁለትም አለልህ። በየጉዞው ሳጥን አስተካክሎ ማስቀመጥ ሲደጋገም አንድ ቀን ተዛንፎ ይቀመጣል።

የትኛውንም ብትይዝ ግን ሁለት ነገር ከሌለው አትግዛው። አንደኛው፣ ሱዙኪዋ ከተላቀቀች ገመዱ ተስቦ ፍሬኗን የሚያስይዝ ስዊች ነው። ገመዱን ከኮስተሩ ሻሲ ላይ እሰረው እንጂ መጎተቻ ብረቱ ላይ አትሰረው፤ ብረቱ ራሱ ቢነቀል ገመዱ አብሮ ይሄድና ስዊቹ አይሳብም። ሁለተኛው፣ የሱዙኪዋ ፍሬን በያዘ ቁጥር ኮስተሩ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ መብራት ነው። እግርህን አንስተህም መብራቱ ካልጠፋ ዳር ይዘህ ቁም።

ከማዘዝህ በፊት የኮስተሩን ባትሪ ተመልከት። ብዙ የናፍጣ ኮስተሮች 24 ቮልት ናቸው፤ ሱዙኪዋ 12 ናት። የፍሬን መብራቱን ሽቦ በቀጥታ ብታገናኘው መሣሪያውን ታቃጥለዋለህ። በመሀል ሪሌይ ወይም ቮልት መቀነሻ ይግባ። ይህን ለጥሩ የመኪና ኤሌትሪሺያን ስጠው። የኋላ መብራቷም ከኮስተሩ ጋር አብሮ እንዲበራ ሲያደርግ ዳዮድ ያስገባበት፤ አለዚያ ሁለቱ ኤሌክትሪኮች ይጋጫሉ። የሱዙኪዋን ባትሪ የሚሞላ መስመርም ከፊት ይሳብላት። የድሬ ሙቀት ባትሪ አያስረጅም፣ ይገድላል። ባትሪዋ ከሞተ ያ ሁሉ ያወጣህበት ፍሬን አይሠራም።

ማንዋል መሆኗ ጠቅሞሃል። አብዛኛው አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱን የሚያዞረው ሞተሩ ሲሠራ ስለሆነ፣ እንደ ቪትዝ ያለችውን ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ ብትጎትታት ካምቢዮዋን ትፈጃለህ። ያንተዋ ጂምኒ ረዳት ካምቢዮ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው) በዘንግ የሚቀየር ከሆነና ኒውትራል ካለው ደህና ነው። በቁልፍ ተጫን የሚቀየረው ዓይነት ከሆነ ግን ኒውትራል ላይኖረው ስለሚችል መጀመሪያ ያንን አጣራ። ማርሹ ምን ላይ ይሁን፣ በየስንት ኪሎ ሜትሩ ትቁም የሚለውን ከመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አንብብ። መሪዋ እንዳይቆለፍም ቁልፉን መክፈት አትርሳ።

ከተገጠመ በኋላ ሱዙኪዋን ዶት 4 የምትቀበል ከሆነ አሮጌውን ዘይት አስወጥተህ በሱ ሙላት። ሙከራውን ሜዳ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጀምር። ጎማዋ ተቆልፎ ከተጎተተ ኃይሉን ቀንስ፤ ኮስተሩን ስትገፋው ከተሰማህ ጨምር። ከዚያ ሱዙኪዋን እየጎተትክ፣ ዕቃ ሳትጭን፣ ደንገጎን አንድ ጊዜ ውረድና ታች ስትደርስ ዳር ይዘህ የሁሉንም ጎማ ሙቀት መርምር። ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ካለህ በሱ፣ ከሌለህ እጅህን ቸርኬው አጠገብ አድርገህ፣ ሳትነካው። የሱዙኪዋ ከኮስተሩ በጣም ከጋለ ወይ ብዙ እየያዘች ነው ወይ አትለቅም። ስትወርድ ያው እኛ ሹፌሮች የምንለው ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን ረግጠህ አትቆይበት። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ አጎታተት ወደኋላ መሄድ አይቻልም፤ የሱዙኪዋ መሪ ይጠመዘዝና ብረቱን ያጣምመዋል። ሐረር ስትደርስ ሁለቱን አያይዘህ ወደ ፈረስ መጋላ እንዳትገባ። ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ፍታት።

ቡድንህ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁለተኛ ሰው ካለ ደግሞ፣ ቢያንስ ደንገጎንና ካራማራን ሱዙኪዋን ፈትታችሁ እሱ ይንዳት። ይህን የምልህ ዕቃው ጥሩ ስላልሆነ አይደለም። ሰው የሚረግጠውን ፍሬን የሚያክል ስለሌለ ነው። ብቻህን የምትሄድ ከሆነ ከላይ ያልኩህን አስገጥም። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ግን ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ በዚህ መልክ መጎተት ምን ፈቃድ እንደሚጠይቅ አጣራ፤ የቦሎ ምርመራ ላይም እንዳያስቸግርህ። የኮስተሩን የባትሪ ቮልትና የጂምኒዋን ዓመተ ምርት ጽፈህ ላክልኝ፤ የሽቦውን አሠራር አይቼ እነግርሃለሁ።