«ግምቱ አንሷል አሉ»፦ ቤት ሊገዙ ለተነሡ ወጣት ጥንዶች

ልጆቼ፣

ኮዬ ፈጬ ውስጥ ከምኖርበት ወለል ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ተከራይተው ይኖራሉ። ሰሞኑን ሚስትየዋ ደረጃው ላይ አስቆመችኝና «እትዬ፣ ባንክ ቤት ብዙ ሠርተዋል አሉኝ። ድሮ የወሰደው ብድር የተበላሸበት ሰው የቤት ብድር ቢጠይቅ ይሰጡታል?» አለችኝ። የማን ብድር እንደሆነ ጠየቅኋት። «የእኔ ነው፤ ባለቤቴ ግን አያውቅም» ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከጓደኞቿ ጋር በቡድን ዋስትና ተበድረው ጭማቂ ቤት ከፍተው ነበር፤ ጭማቂ ቤቱ ሲዘጋ ጓደኞቿ ተበተኑ።

መልሱን እዚያው ልሰጣት እችል ነበር። ነገር ግን «እሱ አያውቅም» ስትል ሌላ ሴት ፊቴ ላይ መጣችብኝና አፌ ተያዘ። «እናስብበት» ብያት ገባሁ። ይህን የምጽፈው በዚያች ሴት ምክንያት ነው።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ገደማ ነው። በጅማ መንገድ በኩል፣ ከከተማው ወጣ ያለ ቅርንጫፍ ውስጥ የብድር ባለሙያ ነበርሁ። ያች ሴት ከባሏ ጋር የቤት ብድር ልትጠይቅ መጣች። ሁለቱም ደመወዝተኞች ናቸው፤ እሷ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ እሱ የመንገድ ሥራ ቀያሽ። ሊገዙ ያሰቡት ቤት ሰበታ ነው፤ ካርታ ያለው፣ በብሎኬት የተሠራ፣ ሦስት ክፍል። ቅድሚያ ክፍያውን በእቁብና በቁጠባ አጠራቅመዋል። ሰነዱን ሁሉ ያደራጀችው እሷ ናት፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ፣ የደመወዝ ማስረጃው፣ የካርታው ቅጂ በየፕላስቲኩ ገብቷል። የሽያጭ ስምምነቱ ጀርባ ላይ ደግሞ በእርሳስ ቤቱን ስላዋለች። ሮቶው የሚቆምበት፣ ምጣዱ የሚጣድበት፣ የእናቷ አልጋ የሚዘረጋበት መስኮት ሥር፣ ሁሉም አለ። ያ ወረቀት ማህደሩ ውስጥ ስለገባ ፋይሉን በከፈትሁ ቁጥር ያችን ሥዕል አያታለሁ።

ባንክ ብድር ከመስጠቱ በፊት የአመልካቹን ታሪክ ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይጠይቃል፤ ባልና ሚስት አብረው ሲያመለክቱ የሁለቱም ይታያል። የእሷ ንጹሕ ሆኖ መጣ። የእሱ ግን አልሆነም። ሳይጋቡ በፊት ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ከሌላ ባንክ በራሱ ስም ተበድሮ አይሱዙ ገዝቶ ነበር። ሥራውን የሚያሠራው ጓደኛው ነው። ክፍያው ተቋረጠ፣ ባንኩ መኪናውን ወስዶ በሐራጅ ሸጠው። የተሸጠበት ዋጋ ግን ዕዳውን አልሸፈነም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው መያዣውን መሸጥ ይችላል። ሰው ንብረቱ ሲወሰድበት «በልተውኛል፣ አበቃ» ብሎ ይደመድማል። አላበቃም። ከሽያጩ የተረፈው ዕዳ በተበዳሪው ስም ይቀመጣል፣ ወለዱም ይቆጥራል። ቀያሹም እንደዚያው «መኪናውን እኮ ወስደውታል» ነበር ያለኝ። ለብቻው ወደ ውስጥ ጠርቼው ወረቀቱን ሳሳየው ላብ አጠመቀው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለእሷ እኔው ልንገራት።»

ወጥቶ ምን እንዳላት የሰማሁት ኋላ ነው። «ግምቱ አንሷል አሉ» አላት። የተዋጣለት ውሸት ነበር፤ የባንክ ገማች የሚያወጣው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከገበያው ያንሳልና። ብድሩም የሚሰላው በዚያ ግምት እንጂ ከሻጩ ጋር በተስማማችሁበት ዋጋ አይደለም። ስለዚህ አመነችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ብቻዋን መጣች። የሠርጓን ሐብልና የእናቷን ጥንድ አምባር ሸጣ ጎደለ የተባለውን ልትሞላ ነው። ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች። እኔ ምን ልበላት? የአንድን ደንበኛ ምስጢር ለሌላው ማውጣት አይፈቀድልኝም፣ ሚስቱም ብትሆን። «ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ፣ አብራችሁ እንነጋገር» አልኋት። «ሥራው መስክ ነው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለች። ደግሜ «አብራችሁ ኑ» አልሁ። ትኩር ብላ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። ነገሩ የገባት በሌላ በኩል ነበር። በማግስቱ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ አስቀምጣ ልትሄድ ስትል ጠራኋት። እጅ መንሻ የፈለግሁ መስሏታል። ፖስታውን ስመልስላት ደግሞ ያነሰብኝ መስሏት «ሌላም እጨምራለሁ» አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ ተሰድቤያለሁ፣ በበላይ ኃላፊም ተንቄያለሁ። እንደዚያች ቀን ያፈርሁበት ቀን ግን የለም፤ ያፈርሁበትን ምክንያት እንኳ ለይቼ መናገር አልችልም። ቤቱን ሌላ ሰው ገዛው። እነሱም ወደ እኛ ቅርንጫፍ አልተመለሱም፤ ማህደሩ ከነሥዕሉ ተዘግቶ መጋዘን ገባ። የሚቆጨኝ ያ የመኪና ቀሪ ዕዳ ለቤቱ ካጠራቀሙት ቅድሚያ ክፍያ ማነሱ ነው! ባልና ሚስት ሆነው ማታ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ዕዳውን ከዚያው ላይ ከፍለው፣ ቤቱ ቢያመልጣቸውም እንደገና አጠራቅመው ሌላ ያገኙ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?» የሚለኝ ይኖራል። ምስጢር መጠበቅ ትክክል ነው፤ ዛሬም ብሆን አልነግራትም። እንዲህ ብዬ ስጨርስ ደግሞ ያ ነጠላ ትዝ ይለኛል።

እኛ ሥራ ስንጀምር ለቤት የሚያበድር ሲባል በሰው አፍ የነበረው የቤትና ቁጠባ ባንክ ነበር። ኋላ ስሙ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፣ በ2008 ደግሞ ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በዚያ ዘመን የተበዳሪን ታሪክ የሚነግረን አለቃችን ነበር፤ የሰውየውን አባት ያውቃል፣ የእድሩን ዳኛ ያውቃል። ያ አሠራር ዘመድ ያለውን ይጠቅም እንደነበር አልክድም። የዛሬው ማሽን ቢያንስ ዘመድ አይለይም።

የእናንተ ዘመን ልጆች ብድርን አቅልላችሁታል። በስልክ የምትወስዱት ገንዘብ ከጀርባው ባንክ አለ። ለአንድ ቀን ሠርግ የሁለት ዓመት ደመወዝ ተበድራችሁ ታበላላችሁ፣ ከዚያ የቤት ኪራይ ተወደደ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። እውነቱን ለመናገር እኛም የተሻልን አልነበርንም፤ የሚያበድረን አጣን እንጂ።

ቆጥቡ፣ ወጪያችሁን መዝግቡ የሚለውን ከሌላ ሰው ትሰማላችሁ። እኔ የምላችሁ ገመናችሁን ባንኩ ሳያወጣው እናንተው አውጡት ነው። ያለ ትዳር ጓደኛ ፊርማ ላልፍ የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ያላገባሁ ነኝ የሚል ማስረጃ ከወረዳ አውጥቶ የሚመጣም አለ። ይህ ብልጠት አይደለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርና ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን እንኳ ሕጉ ስምምነት ይጠይቃል። የ500 ብሩ ነገር ዛሬ ያስቃል፤ የአንድ ቀን አስቤዛ አይሸፍንም። ግን ሕጉ ሲወጣ ያሰበው ይህንኑ ነበር፦ አንዱ ሳያውቅ ሌላው ቤቱን ዕዳ ውስጥ እንዳይከት።

የድሮ ዕዳ ያለበት ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ብድር የክፍያው ጊዜ 90 ቀን ሲያልፈው ከተበላሹት ተርታ ይመደባል፤ ከዚያ በቆየ ቁጥር ደረጃው ይከፋል። ከፍላችሁ ከዘጋችሁ ደግሞ መዘጋቱ ይታያል። እኔ ማህደር ሳይ ተሰናክሎ ተነሥቶ የከፈለን ሰው ጨርሶ ተበድሮ ከማያውቅ ሰው አሳንሼ አላየሁም፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን ያሳንሱ ነበር። በተለይ ገንዘብ ሲጠብ ንጹሑ ማህደር ይቀድማል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ሲገድብ፣ ኋላም ጣሪያውን ወደ 18 ሲያነሣ፣ ባንኮች ለማን እንደሚሰጡ መምረጥ ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ስትከፍሉ የመጨረሻውን ደረሰኝ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን የሚገልጽ፣ ቀንና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጠይቁ። አበዳሪው መዘጋቱን ለብሔራዊ ባንክ ማሳወቁንም እዚያው ጠይቁ። ከፍሎ የጨረሰ ሰው ስሙ ሳይስተካከል ቀርቶ ሲመላለስ አይቻለሁ። ለጎረቤቴም ይህንኑ ነገርኋት፤ ግን ደብዳቤውን ለማምጣት ስትሄድ ባሏን ይዛው እንድትሄድ ነው ያዘዝኋት። ተቆጣችኝ። ትቆጣ።

የቤቱን ነገር ላንሣና ላብቃ፤ በከተማው ዳር ያለ ቤት ሁሉ መያዣ አይሆንምና። ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ መሬት ላይ ያረፈ ጨረቃ ቤት የቱንም ያህል ቢያምር ባንክ ካርታ ይላችኋል። ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ባለዕድሉ ከተረከበው አምስት ዓመት ሳይሞላ ሊሸጥ አይችልም፤ ቱሉ ዲምቱም እዚህ ኮዬም በውክልና የሚሸጥላችሁ ሰው ሞልቷል፣ በዚያ ወረቀት ግን ብድር አታገኙም። ካርታ አለኝ የሚላችሁንም ቢሆን ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሁለታችሁም ይዞታ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አጣሩ። ደላላውን አትላኩ።